ውሻና ድመት ይዞ አገር ለመቀየር፦ ከቲኬቱ በፊት የቀን ቆጠራ

ቤተሰብ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲነሳ የውሻው ነገር የሚታሰበው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ቪዛው ወጥቶ፣ ዕቃው ለዘመድ አዝማድ ተከፋፍሎ፣ የስንብቱ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ከልጆቹ አንዱ «ቡቺስ?» ይላል። ያኔ ለአየር መንገድ ይደወላል፣ የኬጅ ዋጋ ይጠየቃል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ግን ሁለቱም የሚደረስባቸው ነገሮች ናቸው። የማይደረስበት ቀኑ ነው። የውጭ አገር ሕጎች በክትባትና በደም ምርመራ፣ በደም ምርመራና በጉዞ መካከል ማለፍ ያለበትን ጊዜ በቁርጥ አስቀምጠዋል። ይህን ጊዜ ገንዘብ አያሳጥረውም፣ ልመናም አያሳጥረውም።

ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለሚገባ ውሻ ወይም ድመት ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ ጊዜ አራት ወር ገደማ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚገባ ውሻ ሁለት ወር ገደማ ነው። የቤተ ሙከራው መልስ የሚዘገይበትን፣ ፊርማና ማኅተም የሚጠበቅበትን ጊዜ ስንጨምርበት ለአውሮፓ ስድስት ወር፣ ለአሜሪካ አራት ወር ቀደም ብሎ መነሳት ይገባል እላለሁ። የኢሚግሬሽን ቪዛ ከወጣ በኋላ የሚያገለግለው አብዛኛውን ጊዜ ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ቪዛው እስኪወጣ መጠበቅ አያዋጣም፤ የመሄዱ ሐሳብ ገና ሲጀመር የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ጉዞው ቢቀር እንኳ ውሻው የተከተበ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም የከሰረ ነገር የለም።

የዚህ ሁሉ ቆጠራ ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የነከሰው ሰው «ቶሎ ፓስተር ሂድ» ይባላል። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበት ሥፍራ ያን ስም ያገኘው ቀድሞ እዚያ ከነበረው የፓስተር ተቋም ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ የሚሆነው ደግሞ የሚመጣው ከውሻ ነው። አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ከውሻ ወደ ውሻ ከሚተላለፈው የበሽታው ዓይነት ነጻ መሆኗን አስታወቀች። ይህን አንድ ጊዜ ያገኘ አገር በአንድ የታመመ ቡችላ ምክንያት ሊያጣው አይፈልግም። ኢትዮጵያ ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች መካከል ናት።

አንድ ውሻ ተነክሶ ቫይረሱ ከገባበት በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ያልፋል። አልፎ አልፎ ከዚያም በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በዚህ መሀል ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። ሐኪም ቢያየው ጤነኛ ነው ይላል። ክትባት ቢሰጠው እንኳ ቀድሞ የገባውን ቫይረስ ላያቆመው ይችላል። ስለዚህ አውሮፓውያን ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ በመጀመሪያ ክትባቱ መሥራቱን ደሙ ያሳይ፣ ቀጥሎ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሦስት ወር ይለፍ። ውሻው በሽታውን ይዞት ከነበረ በእነዚያ ወራት ውስጥ የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነው። እንግሊዝ ለረጅም ዘመን ከውጭ የሚመጣን ውሻና ድመት ሁሉ ስድስት ወር ኳራንቲን ታስገባ ነበር፤ ብዙ እንስሳት ያን ጊዜ ከባለቤቶቻቸው ተለይተው በብረት አጥር ውስጥ አሳልፈዋል። በየካቲት 2000 የጀመረው አሠራር ነው ያን በማይክሮቺፕ፣ በክትባትና በደም ምርመራ የተካው። ዛሬ የምንጠብቃቸው ወራት ውሻው በራሱ ግቢ፣ ከራሱ ሰዎች ጋር ሆኖ የሚያሳልፋቸው ናቸው። ይህን ሳስብ ሦስቱ ወር አይበዛብኝም።

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ ክትባት፣ ከዚያ ደም። ይህ ከተዛባ የተሠራው ሥራ አይቆጠርም።

ማይክሮቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ በመርፌ ከትከሻ በላይ ካለው ቆዳ ሥር ትገባለች። ባትሪ የላትም። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሻው ያለበትን ቦታ አታሳይም። በስካነር ሲታለፍባት 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ትናገራለች። ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀች መሆን አለባት፤ ደረጃዎቹ አይኤስኦ 11784 እና 11785 ይባላሉ፤ ሐኪሙን ስለእነዚህ መጠየቅ ነው። ይህ ቁጥር ከአሁን በኋላ የውሻው መታወቂያ ነው። በክትባት ደብተሩ፣ በደም ብልቃጡ፣ በቤተ ሙከራው መልስ፣ በጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ ያው ቁጥር ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት። አንድ አኃዝ የተሳሳተ ወረቀት የሌላ ውሻ ወረቀት ነው።

ብዙ ሰዎችን የሚያሰናክለው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ተከትቧል፣ ደብተሩ በተለጣፊ ሞልቷል፤ ማይክሮቺፕ ግን የለውም። ማይክሮቺፕ ከመግባቱ በፊት የተሰጠ ክትባት ለጉዞ አይቆጠርም፤ የተከተበው ይኸው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለማ። ቺፑ ገብቶ እንደገና መከተብና ቀኑን ከዚያ መቁጠር ግድ ነው። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ቺፑን አስገብቶ፣ በስካነር አንብቦ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ከዚያ ይከትባል።

ለክትባቱ እንስሳው ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት። አውሮፓ የምትቀበለው ሕይወት ያለው ቫይረስ ያልያዘ ክትባት ነው፤ ይህንንም ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከብልቃጡ ላይ ያለው ተለጣፊ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ። የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ሁሉ በኋላ ቅጽ ላይ ይሞላሉና። የማጠናከሪያው ቀን ካለፈ፣ በአንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ክትባቱ እንደ አዲስ የተጀመረ ሊቆጠርና የደሙም ምርመራ ሊበላሽ ይችላል። ቀኑን የቤት ግድግዳ ላይ መጻፍ አይበዛበትም።

ደም የሚቀዳው ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ነው። የሚለካው በደሙ ውስጥ ያለው የእብድ ውሻ በሽታ አንቲቦዲ ሲሆን፣ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ምርመራውን የሚሠራው ተቀባዩ አገር ያጸደቀው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ ያለውና በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ክሊኒኩ ደሙን አሽከርክሮ ሴረሙን መለየት፣ በቅዝቃዜ ማቆየትና በፈጣን መልእክት መላክ መቻል አለበት። የቀይ ደም ሕዋሳቱ ከፈነዱ ወይም ናሙናው መንገድ ላይ ከሞቀ ቤተ ሙከራው ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሲመርጡ «ከዚህ በፊት ናሙና ወደ ውጭ ልከው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የላከ ሐኪም የትኛው ድርጅት ሴረም እንደሚቀበልና ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ውጤቱ ከ0.5 በታች ከሆነ እንደገና ተከትቦ፣ እንደገና ደም ሰጥቶ መቁጠር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተከተቡ ወጣት ውሾች ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ለዚህም ሁለት ጊዜ ከትበው ደም የሚቀዱ ሐኪሞች አሉ።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ቤተሰብ ለመስከረም 1 ጀርመን መድረስ ይፈልጋል እንበል። ሚያዝያ 25 ቺፕና ክትባት፣ ግንቦት 28 ደም፣ ከዚያ ሦስት ወር ቢቆጠር ነሐሴ ማለቂያ ላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉም ነገር ያለ አንድ እንከን ከሄደ ነው። ናሙና ቢበላሽ ወይም ውጤት ቢያንስ መስከረም አለፈች። የካቲት ላይ የጀመረ ቤተሰብ ግን አንድ ጊዜ ቢሰናከልም ይደርሳል።

አሁን ወደ አሜሪካ። ሲዲሲ ሕጉን ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አጥብቋል። በየትኛውም መንገድ የሚገባ ውሻ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው፣ ሲታይ ጤነኛ የሆነና የሲዲሲ የውሻ ማስገቢያ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ቅጹ ክፍያ የለውም፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ደረሰኙ በኢሜይል ይመጣል፤ ያን ደረሰኝ አየር መንገዱም የድንበር ሠራተኛውም ያየዋል። ከስድስት ወር በታች ላለ ቡችላ ግን ምንም ወረቀት አይረዳውም።

ባለፉት ስድስት ወራት ኢትዮጵያ የነበረና እዚሁ የተከተበ ውሻ ተጨማሪ አለበት። የውጭ አገር የእብድ ውሻ ክትባትና የማይክሮቺፕ ማረጋገጫ የሚባለውን የሲዲሲ ቅጽ ሐኪሙ ሞልቶ፣ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸድቀዋል። የደም ውጤቱ ሲዲሲ ካጸደቀው ቤተ ሙከራ መሆን አለበት፤ ደሙም ከአሜሪካ መግቢያው ቀን ቢያንስ 28 ቀን አስቀድሞ የተቀዳ ይሁን። የሚያርፈውም በማንኛውም አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም፤ ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለበት ብቻ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ፣ የኒው ዮርኩ ጄኤፍኬ፣ አትላንታ፣ ማያሚ፣ ሎስ አንጀለስና ፊላደልፊያ እንዲህ ያለ ማቆያ ያላቸው ናቸው። ዝርዝሩ ሊለወጥ ስለሚችል ቲኬት ከመቁረጥ በፊት በሲዲሲ ገጽ ላይ ማየት ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ለሚያርፍ ሰው ደለስ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። ቺካጎ ወይም ዳላስ የሚሄድ ግን መጀመሪያ ከእነዚህ በአንዱ ገብቶ፣ ውሻውን አስመርምሮ ነው መንገዱን የሚቀጥለው።

ማቆያው ጋር ቀጠሮ አስቀድሞ ይያዛል፤ ክፍያው የባለቤቱ ነው። እዚያ ሐኪም ያየዋል፣ ቺፑ ይነበባል፣ የአሜሪካ ክትባት በድጋሚ ይሰጠዋል። የደም ውጤት ይዞ ያልመጣ ውሻ 28 ቀን እዚያው ኳራንቲን ይቆያል፤ ያም በባለቤቱ ወጪ ነው። ቀጠሮ ወይም ወረቀት ሳይኖረው የደረሰ ደግሞ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ረጅሙን በረራ ያለፈ እንስሳ ሳያርፍ ተመልሶ ሲጫን ማሰብ ራሱ ያማል፤ ለዚህ ስል ነው ቀኑን ደጋግሜ የማነሳው።

ከአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በኩል ብዙ ሰው የማይሰማው አንድ ደንብ አለ። ኢትዮጵያ የአፍተ ግር በሽታ ያለባት አገር ስለሆነች የውሻው እግር፣ ጸጉርና ምንጣፉ ከጭቃና ከአፈር የጸዳ መሆን አለበት። ኬጁ ውስጥ ገለባ ወይም ድርቆሽ ማንጠፍ አይቻልም። ሲደርስ ቶሎ መታጠብ፣ ቢያንስ ለአምስት ቀንም ከከብት መራቅ አለበት። ለኬጁ ምንጣፍ ፎጣና ያረጀ ብርድ ልብስ ይበቃዋል።

ድመት ወደ አሜሪካ ስትገባ ነገሩ ይቀልላል፤ ሲዲሲ የክትባት ማስረጃ አይጠይቃትም፣ ጤነኛ ሆና መታየቷ ይበቃል። አየር መንገዱና የምትገባበት ክፍለ ግዛት ግን የራሳቸው ጥያቄ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሃዋይ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የተለየ ጥብቅ ሕግ አላት።

አውሮፓ ውሻንና ድመትን እኩል ነው የምታየው። ከላይ ካለው ቆጠራ ሌላ በመንግሥት ሐኪም የተፈረመ የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህ ከመድረስ በፊት ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ቀደም ብሎ ሊሠራ አይችልም። የመጀመሪያው የሚያርፉበት የኅብረቱ አገር ነው ወረቀቱን የሚመረምረው። ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው በፍራንክፈርት ካለፈ ፍተሻው ፍራንክፈርት ነው፤ ቅጹም ለዚያ የሚሆን መሆን አለበት። ፊንላንድ፣ አየርላንድ፣ ማልታና ኖርዌይ ለውሻ የኮሶ ትል መድኃኒት ይጠይቃሉ፤ ከመግባቱ ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም ሰጥቶ ሰዓቱን ይጽፋል። እንግሊዝም ይህን ትጠይቃለች፤ ከዚህ ሌላ ወደ እንግሊዝ በአውሮፕላን የሚገባ ውሻና ድመት በካርጎ ነው የሚመጣው፣ ከመንገደኛ ጋር ወንበር ሥር አይገባም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከጉዞ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ የተከለከሉ የውሻ ዘሮችም አሏቸው። አውስትራሊያ ከሁሉ የከረረች ናት። በ2015 የፊልም ተዋናዩ ጆኒ ዴፕና የያኔ ባለቤቱ አምበር ኸርድ ሁለት ትንንሽ ውሾች ሳያስመዘግቡ ይዘው ገብተው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ገንዘብም ዝናም የግል አውሮፕላንም አላዳናቸውም።

ስለ በረራው ልናገር። ኬጁ ውሻው ጭንቅላቱ ሳይነካ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት መሆን አለበት፤ የአየር መንገዶች ማኅበር የሆነው አያታ ያወጣው መመዘኛ ይህ ነው። በሁሉም ጎን አየር ይግባው፣ በሩ በብረት ይቆለፍ፣ የውሃ ዕቃው ከውጭ የሚሞላ ይሁን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሻው ኬጁን ከመብረሩ ሳምንታት በፊት ማወቁ ነው። ሳሎን ውስጥ በሩ ተከፍቶ ይቀመጥ፣ ምግቡን እዚያ ይብላ፣ እዚያ ይተኛ፤ ቀስ በቀስ በሩ ይዘጋ። የእኛ አገር ውሻ ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ወይም ታስሮ ያደገ ነው፤ ጣሪያ ያለው ነገር ውስጥ ተዘግቶበት አያውቅም። በበረራው ቀን መጀመሪያ ጊዜ ኬጅ ውስጥ የተገፋ ውሻ ጥርሱ እስኪደማ ብረት ሊነክስ ይችላል።

«እንዲተኛ መድኃኒት ስጠው» የሚል ምክር ከሁሉም ሰው ይመጣል። አይስጡት። የማደንዘዣና የማስተኛ መድኃኒት የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ ሚዛንንና የሰውነት ሙቀትን የመጠበቅ ችሎታን ያዳክማል፤ ከፍታ ላይ፣ የሚያየው ሐኪም በሌለበት ይህ አደገኛ ነው። ብዙ አየር መንገዶችም መድኃኒት የወሰደ እንስሳ አይቀበሉም። ከበረራው ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ምግብ፣ እስከ መጫኛው ውሃ፣ ረዘም ያለ የእግር ጉዞና የለመደው ሽታ ያለው ጨርቅ ይሻለዋል። እንደ ቡልዶግና ፓግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች፣ እንደ ፐርሺያን ያሉ ድመቶችም በተፈጥሯቸው መተንፈስ ስለሚቸግራቸው ብዙ አየር መንገዶች አይጭኗቸውም። በጣም ያረጀ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ውሻ ካለ ሐኪሙ ቢቀር ይሻላል ሲል መስማት ያስፈልጋል።

ወፍና ኤሊ ሌላ ዓለም ናቸው። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው። የዱር ኤሊም ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። እነዚህን ይዞ መነሳት አይታሰብ።

ውጭ የሚኖሩና ለዕረፍት ውሻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡም ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ውሻው አሜሪካ የተከተበ ከሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት የአሜሪካን ክትባት የሚያረጋግጠውን የሲዲሲ ቅጽ ሐኪሙ ሞልቶ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ማጽደቅ አለበት። ያ ወረቀት ሳይኖረው አዲስ አበባ ከገባ ሲመለስ እዚህ እንደተከተበ ውሻ ሊታይ ነው፤ ደም፣ ማቆያ፣ ቀጠሮ ይከተለዋል። ከአውሮፓ የሚመጣም ደሙን እዚያው እያለ አስመርምሮ በፓስፖርቱ ላይ ካስጻፈ ሲመለስ ሦስቱን ወር ከመጠበቅ ይድናል። ይህን ያላወቀ ሰው የሁለት ሳምንት ዕረፍቱ ሲያልቅ ውሻውን ለወራት ትቶ መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ቀኑ ያልደረሰለት ቤተሰብስ? ውሻው ከሚያምኑት ሰው ጋር ቆይቶ በኋላ ሊከተል ይችላል። ለአውሮፓ አንድ ገደብ አለ። እንስሳው ከባለቤቱ ጉዞ በፊት ወይም በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ ካልተጓዘ ጉዞው እንደ ንግድ ይቆጠርና ሕጉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከባለቤቶቹ አንዱ ተመልሶ ይዞት መሄዱ ይቀላል። የሚቀረው ሰው የክትባት ደብተሩን ዋናውን ቅጂ፣ የደም ውጤቱንና የሐኪሙን ስልክ ይያዝ፤ ባለቤቱም በጽሑፍ ውክልና ይስጠው። ውሻው በእነዚያ ወራት ከግቢ አይውጣ፣ ከሰፈር ውሾች ጋር አይጣላ፤ ሌላ ውሻ ከነከሰው ወዲያው ለሐኪሙ ይነገር፣ ቆጠራውም ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚለው ይሁን።